የመጨረሻዋን ክፍል ዋይፋይ ላስተካከሉልን ጋሼ

ይህን የምጽፈው ቤታችን መጨረሻ ላይ ካለችው ክፍል፣ በሩን ዘግቼ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ነው። ለሌላው ሰው ተራ ነገር ይሆናል። እኔ ግን ዋይፋዩ እዚህች ክፍል ስለማይደርስ ከአንድ ዓመት በላይ የሥራ ስብሰባዬን ስካፈል የኖርኩት ኮሪደር ላይ፣ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ልጄ የኦንላይን ትምህርት ያላት ቀን ደግሞ ኮሪደሩን ለእሷ እለቅና እኔ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር እጠጋለሁ። ስለዚህ ጽሁፌ ቢረዝምባችሁ ታገሱኝ።

የባለሙያውን ስም አልጠራም። “ስሜን ጽፈሽ ስልኬን ቀን ከሌት እንዳታስጮሂው” ብለውኛል፤ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ፣ ጉልምስናቸውን የስልክ መስመር ሲዘረጉ ያሳለፉ፣ ኋላ ደግሞ ኔትወርክ ለብቻቸው የተማሩ ሰው ናቸው። ዋይፋይ የልጆች ሥራ ነው ብዬ አስብ ስለነበር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በር ላይ ሳያቸው በልቤ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ከሳቸው በፊት ያላደረግነው የለም። መጀመሪያ ጥፋተኛው የኢንተርኔት አቅራቢው ነው ብለን ስንደውል፣ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ቀጥሎ ፓኬጁን ከፍ አደረግን፤ ሳሎን ውስጥ ፊልሙ ይበልጥ ጠራ፣ የኔ ክፍል እንደነበረች ቀረች። በመጨረሻ አንድ ሰው መጣና ሁለት ሪፒተር፣ ማለትም የዋይፋይ ሲግናል ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ፣ ሸጠልን። አንዱን እዚያችው ዋይፋይ የማይደርስባት ክፍል ውስጥ ሰክቶ ስልኬን አሳየኝ፤ ምልክቱ ሙሉ ነው። ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም ነገር አይከፈትም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። “ሪፒተር የሰማውን ነው የሚደግመው፤ ሲግናል በማይደርስበት ቦታ ሰክተሽው ያልሰማውን ምን ብሎ ይድገም?” አሉኝ። ስልኬ ላይ የማየው ሙሉ ምልክት በኔና በሪፒተሩ መካከል ያለው ነው፤ ሪፒተሩ ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ዋና ዕቃ፣ ከራውተሩ ጋር ያለውን አያሳይም። መሃል መንገድ ላይ ቢቀመጥም እንዲህ ያለው ርካሽ ሪፒተር የሚሰማውም የሚያወራውም በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የሞገድ መስመር፣ ስለሆነ እያንዳንዱ መልእክት አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ሥራቸው የጀመረው ገና በስልክ ነው። የሚቆራረጠው ሁልጊዜ ነው ወይስ ማታ ማታ? ራውተሩ አጠገብ ሆነሽስ ይቆራረጣል? በር ሲዘጋ ይብሳል? ስንት ግድግዳ አለ፣ ከምን የተሠራ ነው? እኔ የጠበቅኩት “ስንት ሜትር ነው?” የሚል ጥያቄ ነበር፤ እሱን ጨርሶ አልጠየቁኝም። ርቀቱ ሳይሆን መሃል ላይ ያለው ነገር ነው የሚገድለው አሉ።

ከመጡ በኋላም አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም ነገር አልነኩም። መለካት ብቻ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፓቸውን በኬብል ቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰኩ። ከምንከፍልበት 50 ሜጋቢት ውስጥ 48 አገኙ። “ከደጅ የሚመጣው ደህና ነው፤ ሰዎቹን ይቅርታ ጠይቂያቸው” አሉኝ። ከዚያ ወደኔ ክፍል ሄደው ለራውተሩ “አለህ?” የሚሉ ትናንሽ መልእክቶች፣ ፒንግ የሚባሉትን፣ 100 ጊዜ ላኩ። 31ዱ መልስ አላገኙም። ልብ በሉ፣ የተጠየቀው ኢንተርኔቱ አይደለም፤ እዚሁ ሳሎን የተቀመጠው የራሳችን ራውተር ነው። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ካልመለሰ ውጭ ያለውን መውቀስ ዋጋ የለውም። ይቺን ሙከራ ማንም ሰው በራሱ ኮምፒውተር ሊሠራት ይችላል፤ አስቀድሜ ባውቃት ኖሮ ያ ሁሉ ስልክ ጭቅጭቅ ይቀርልኝ ነበር።

ቀጥሎ ስልካቸውን ይዘው ክፍል ለክፍል እየዞሩ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየውን ቁጥር በእርሳስ ወረቀት ላይ ጻፉ። ራውተሩ አጠገብ -42፣ ኮሪደር ላይ -61፣ የኔ ጠረጴዛ ላይ -84። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ጠንካራ ነው። በ3 ሲወርድ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ በ10 ሲወርድ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ስንደምረው ለካስ እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ራውተሩ አጠገብ ካለው ወደ አሥራ ስድስት ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ዋይፋያችን በሁለት ዓይነት ሞገድ ነው የሚሠራው፤ ይህ ቁጥር የ2.4 ጊጋኸርትዙ ነው፤ ፈጣኑ 5 ጊጋኸርትዝ ኮሪደሩን አልፎ ክፍሌ ድረስ አልመጣም። ለቪዲዮ ስብሰባ እስከ -67 ድረስ ይኬዳል፣ ከዚያ በታች ግን መለማመጥ ነው አሉኝ።

መንስኤውን ሲያሳዩኝ ቤቴን እንደ አዲስ ያየሁት ያህል ሆነ። ራውተሩ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ የብረት ካቢኔ ውስጥ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ሽቦው እንዳይታይ ብለን ደብቀነው። ከሱ በኋላ መታጠቢያ ቤቱ አለ፤ በግድግዳው ውስጥ ቧንቧ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ውሃ ማሞቂያው፣ ማለትም ውሃ የሞላው ትልቅ የብረት በርሜል። ከዚያ ፌሮ የተሞላ የኮንክሪት ምሰሶ። በስተመጨረሻ የኔው ቁም ሣጥን፣ ሙሉ መስታወት ያለው። የመስታወት ጀርባ የብረት ቅብ ነውና ሲግናሉን እንደ ፊታችን ይመልሰዋል። እኔ ያን መስታወት ክፍሏን ሰፊ ታስመስላለች ብዬ ነበር ያስገባሁት።

ሌላም ነገር ነበር። ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ራሱ ይሞታል። ይህን እንደ ቀልድ ነበር የነገርኳቸው። ተነስተው ማይክሮዌቩን በአንድ ብርጭቆ ውሃ አስነሱትና ስልካቸውን አሳዩኝ፤ ፍጥነቱ ወዲያው ዘጭ አለ። ማይክሮዌቭ የሚሠራውም እዚያው 2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ራውተራችን ቻናል 3 ላይ ነበር፤ ጎረቤቶች በ1 እና በ6 ላይ ስላሉ ከሁለቱም ጋር ይጋጫል። በ20 ሜጋኸርትዝ ስፋት እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ወደ 11 ቀየሩት።

ራውተሩን ከካቢኔው አውጥተው የኮሪደሩ መግቢያ ላይ ካለው ከፍተኛ መደርደሪያ ሲያስቀምጡት የኔ ክፍል ከ-84 ወደ -73 ተሻሻለ። ያለ አንዳች ዕቃ! እኔ በዚህ ተደስቼ “እንግዲህ ትልልቅ አንቴና ያለው ኃይለኛ ራውተር ብንገዛስ?” አልኩ። መሸጥ የሚፈልግ ሰው ቢሆን እሺ ይለኝ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ልጄ፣ ራውተሩ በድምፅ ማጉያ ቢጮህ ስልክሽ የሚመልሰው በሹክሹክታ ነው። አንቺ ትሰሚዋለሽ፣ እሱ አይሰማሽም።” እዚህ ላይ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው።

የቀረው መፍትሔ ኬብል ነበር። ኬብሉ የሚያልፍበትን መንገድ በሲባጎ ለኩት፣ 23 ሜትር ሆነ። የዚህ ዓይነቱ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ለቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ገበያ ሄጄ የገዛሁትን ጥቅል ሳቀብላቸው አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቁና መልሰው ሰጡኝ። ከመዳብ ቀለሙ ሥር ነጭ ሆነ፤ አሉሚኒየም ላይ የተቀባ መዳብ ነው። ሲታጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ “ዛሬ ይሠራል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ እኔን ትረግሚኛለሽ” አሉና ሙሉ መዳብ የሆነውን፣ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል እንዳመጣ ላኩኝ። ተነጫንጬ ሄድኩ።

ኬብሉን በኮርኒሱ ጠርዝ፣ ከመብራት መስመሩ አርቀው ወሰዱት፤ አንድ ቦታ ላይ መሻገር ግድ ሲሆን ጎን ለጎን ከማስኬድ ይልቅ በመስቀለኛ አሻገሩት። ጫፎቹን አስረው መፈተሻው ላይ ሲሰኩ ከስምንቱ መብራቶች ሰባቱ በሩ። እኔ ባለማወቅ፣ ሰባት ምን አነሰው ብዬ ነበር። ቆርጠው እንደገና ሠሩት። አንዲት ሽቦ ብትጎድል መስመሩ ምንም ሳይነግርሽ ከ1000 ሜጋቢት ወደ 100 ሊወርድ ይችላል አሉኝ። የኛ ፓኬጅ እኮ 50 ነው ብላቸው፣ “ዛሬ ነው 50” ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

አዲስ ዕቃ የሚገዛ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን “የድሮ ራውተር የላችሁም?” አሉ። መሳቢያ ውስጥ አንድ ነበረች፣ የሚሠራ 5 ጊጋኸርትዝ ያላት። እሷን ወደ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ ብቻ ወደሚያሰራጭ ዕቃ ለወጧት፦ ለስልክና ለኮምፒውተር የኔትወርክ አድራሻ የማደል ሥራዋን አጠፉ፣ የራሷን አድራሻ ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ቀየሩ፣ ኬብሉን ከኢንተርኔት መግቢያዋ ሳይሆን ለቤት ውስጥ ዕቃዎች ከሚያገለግሉት የላን ቀዳዳዎቿ በአንዱ ሰኩ፣ ስምና ፓስወርዷን ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት አደረጉ፣ ቻናሏን ግን ለዩ። ስልኬ አሁን ኮሪደሩን ሲያልፍ በራሱ ይቀየራል። መጀመሪያ ላይ ስልኩ የሳሎኑን ራውተር አልለቅም ብሎ ነበር፤ የዋናውን ኃይል ትንሽ ሲቀንሱት ለቀቀ። ኃይል መጨመር ስፈልግ የነበርኩት ሴትዮ፣ መድኃኒቱ መቀነስ ሆኖ አየሁት።

ጠረጴዛዬ ላይ አሁን -45 ነው። ፍጥነቱ 46። ፒንጉን 200 ጊዜ ላኩት፤ ሁለት መቶውም መለሰ።

ነቀፌታም አለኝ፤ ውሸት የተቀላቀለበት ምስጋና ደግ አይደለም። በቀጠሮው ሁለት ሰዓት ዘግይተው ነው የመጡት። ግድግዳ ሲበሱ አቧራው አልጋዬ ላይ ወረደ፤ ልሸፍን ብላቸው ይበቃል ትንሽ ነው ብለውኝ ነበር፤ ትንሽ አልነበረም። ጨዋታም ያበዛሉ፤ የጥንቱን የስልክ ምሰሶ ታሪክ ሳትሰሙ አትለቀቁም። በማግስቱ ደግሞ ስብሰባ መሃል ተቋረጥኩና ተናድጄ ደወልኩ። ሲያጣሩ ላፕቶፔ የድሮውን ሪፒተር ስም አስታውሶ ወደሱ ሄዶ ኖሯል፤ ሪፒተሩን ሳልነቅለው ቀርቼ። በስልክ መርተውኝ ስሙን ከላፕቶፑ አጠፋሁት፤ ሪፒተሩንም ነቀልኩት። ለዚህ ምንም አልጠየቁኝም።

ቤታችሁ ዋይፋይ እያለው አንዱ ክፍል የማይደርሰው ከሆነ፣ በተለይ ደግሞ ፓኬጅ ጨምሩ፣ ራውተር ቀይሩ የሚሏችሁ ሰዎች ከበዙባችሁ፣ እሳቸውን ጥሩ። ግድግዳ ለመብሳት አከራይ ለማይፈቅድላችሁም ሌላ መላ አላቸው፤ ኬብሉን በበር ጠርዝ የሚያሳልፍ ጠፍጣፋ ዓይነት አለ። ካሜራና ዲሽ ግን አይሠሩም፤ አትለምኗቸው። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ እሳቸውም በዚህ ተስማምተዋል፣ ከማታ አንድ ሰዓት በኋላ እንዳትደውሉ ብቻ።

ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ ፈልጉ። እኛ ባለቤቴን፣ ልጄን፣ የድሮ ደብተር ሳይቀር ስናስስ አርባ ደቂቃ አቃጠልናቸው። ራውተሩ ሆድ ላይ ተለጥፎ ነበር።