ሊኑክስ ሚንት ከስምንት ወር በኋላ፦ "አይሆንም" ያልኩት ሳይለወጥ የቆየበት ኮምፒውተር

ከኮምፒውተሬ ጋር ተጭኖ የመጣውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትቼ ሊኑክስ ከሚባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች አንዱን፣ ሊኑክስ ሚንት 22ን፣ ከጫንኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ያስለወጠኝ የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። አንድ ቀን የራሴን ፋይል ስፈልግ ከፋይሉ በላይ የሸቀጥ ማስታወቂያ መጣብኝ። ማስተካከያዎቹን ከፍቼ ማስታወቂያ ለእኔ እንዲመረጥ የሚያገለግለውን የማስታወቂያ መለያ ቁጥር፣ የአጠቃቀም መረጃ መላኪያውን፣ "ምክር" እየተባለ የሚመጣውንም ማስታወቂያ ከየተሸሸጉበት ገጽ እየፈለግኩ ሁሉንም አጠፋሁ። ከአንድ ትልቅ ማሻሻያ በኋላ ግን ከፊሎቹ እንደገና በርተው አገኘኋቸው። የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው። እምቢ ያለን ሰው መልሱን ሳይጠይቁ መለወጥ ንቀት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

ሚንት ሲጫን የኢሜይል አድራሻ አልጠየቀኝም። ስምና የይለፍ ቃል አስገባሁ፤ እነሱም እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ቀሩ። የፕሮግራሞች ዝርዝሩ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ብቻ ያሳያል፣ ፍለጋውም ፋይሌን ይፈልጋል እንጂ ገበያ አይወጣም። ይህን በእምነት ብቻ አልተቀበልኩትም። ራውተሬ ኮምፒውተሩ የሚጠራቸውን አድራሻዎች ስለሚመዘግብ፣ ምንም ፕሮግራም ሳልከፍት አንድ ሌሊት ትቼው ጠዋት መዝገቡን አነበብኩ። ሰዓት የሚያስተካክልበትና ማሻሻያ የሚያወርድባቸው አድራሻዎች ነበሩ፤ ሌላ አላገኘሁም። የቀድሞውን ሲስተም በዚሁ መንገድ በፈተንኩት ጊዜ መዝገቡን አንብቤ መጨረስ አቅቶኝ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ትጠራጠራለህ የሚለኝ ካለ፣ ሊኑክስ የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና ስለማይሆን ነው። ሚንት 22 የተሠራው በሌላ የሊኑክስ ዓይነት፣ በኡቡንቱ 24.04 ላይ ነው። ኡቡንቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው 12.10 እትሙ፣ ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ሲፈልግ የጻፈውን ቃል ኡቡንቱን ወደሚያዘጋጀው ኩባንያ ወደ ካኖኒካል ሰርቨር እየላከ የአማዞንን ሸቀጥ በውጤቱ መካከል ያሳይ ነበር። የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ስለላ ነው ብሎ አወገዘው። ይህ ፍለጋ ተጠቃሚው ራሱ ካልከፈተው በስተቀር ጠፍቶ የሚመጣ የሆነው በ2016 በወጣው 16.04 ነው፤ አራት ዓመት ያህል ወሰደ። በዚያው 2016 የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ዊንዶውስ 10 ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ ይሰበስባል፣ የማስታወቂያ መለያውም ያለ ፈቃድ በርቶ ይመጣል በማለት ማይክሮሶፍትን አስጠንቅቆ ነበር። ጉዳዩ የተዘጋው ኩባንያው ለውጥ ካደረገ በኋላ በ2017 ነው። ሁለቱም ነገሮች የተስተካከሉት ተመልክቶ የሚናገር ሰው ስለነበረ ነው። እኔም መዝገቡን አልፎ አልፎ የማነበው ለዚህ ነው።

ሚንት ያልፈታልኝ ችግር ብራውዘሩ ላይ ነው። ሚንት በ2022 ከፋየርፎክስ ብራውዘር አዘጋጅ ከሞዚላ ጋር ባደረገው ስምምነት ፋየርፎክስ በሞዚላ መደበኛ ማስተካከያ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ካላጠፋው የአጠቃቀም መረጃ ይልካል። አጠፋሁት፤ በስምንት ወር ውስጥ ከመጡት ማሻሻያዎች አንዱም መልሶ አላበራውም። ማስታወቂያና ተከታታይ የሚያግደውን ዩብሎክ ኦሪጅንንም ጨመርኩ። ቢሆንም የራሴን አካውንት ከፍቼ በገባሁበት ድረ ገጽ ላይ የማደርገውን ድረ ገጹ ያያል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም መለወጥ ይህን አያስቀርም፤ ያስቀራል ብሎ የሚነግራችሁን አትመኑ።

የከፈልኩት ዋጋም አለ። የጣት አሻራ ማንበቢያው እስከ ዛሬ አልሠራም፤ አምራቹ ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ ለሊኑክስ አላወጣም። ለሥራዬ የግድ የሆነ አንድ የሒሳብ ፕሮግራምም አይጫንም። በብራውዘር በኩል እጠቀመዋለሁ፣ ለዚያም አካውንት መክፈት ነበረብኝ። በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በኩል የዘጋሁትን በር በሥራዬ በኩል በከፊል ከፍቼዋለሁ ማለት ነው፤ ይህ እስካሁን ይከነክነኛል። ለጊዜው መፍትሔ አድርጌ ያንን ፕሮግራም የምከፍተው ለእሱ ብቻ በለየሁት ሌላ ብራውዘር ነው።

እህቴም እንድጭንላት ጠይቃኛለች። ሚንትን ሳይጭኑ በፍላሽ አስነስቶ መሞከር ስለሚቻል፣ መጀመሪያ ፕሪንተሯና ዋይፋዩ መሥራታቸውን አያለሁ። ከሠሩላት እጭንላታለሁ፤ ካልሠሩ ግን ያለችበትን ሲስተም ማስተካከያ አብረን ገጽ በገጽ እንዘጋለን፣ ከእያንዳንዱ ትልቅ ማሻሻያ በኋላም ተመልሰን እናየዋለን።