በቀን 33 ሳንቲም፦ በፖስታ የሚመጣ የዲቪዲ ኪራይ ከ11 ወር በኋላ

«የፈለጉትን ያህል ፊልም፣ ለዘገየ ቅጣት የለም» ይላል ማስታወቂያው። ቅጣቱማ አለ። አስቀድሞ ስለሚከፈል ነው የማይታየው።

አሜሪካ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት አከራዮች ከአንዱ ጋር ያለኝ ውል በወር 20 ዶላር ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ዲስክ ይዞ መቆየት ይፈቅዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ዲስክ በወር 10 ዶላር፣ በቀን 33 ሳንቲም ይበላል። ቴሌቪዥኑ ሥር ቢቀመጥም፣ ፖስታ ቤት ከረጢት ውስጥ ቢያድርም፣ መጋዘን ደርሶ የሚከፍተው ቢያጣም 33 ሳንቲሟ ትቆጠራለች። ሳያዩት አሥር ቀን ካቆዩት 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ሄደ ማለት ነው። ድሮ አዲስ አበባ መታወቂያ አስይዞ ካሴት የተከራየ ሰው ቢያንስ ቅጣቱን የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት ይነግረው ነበር።

አንድ ዙር እንዲህ ነው የሚሄደው። ሰኞ ተላከ፣ ሐሙስ ከሰዓት ደረሰ። ሐሙስ ማታ ታየ፣ ዓርብ ጠዋት ፖስተኛው ሳያልፍ ሳጥን ውስጥ ገባ። ማክሰኞ መጋዘን ደረሰ፤ ተከፍቶና ተመዝግቦ ቀጣዩ ዲስክ የወጣው ረቡዕ ነው። ዘጠኝ ቀን! ከዘጠኙ ዲስኩ ቤት ያደረው አንድ ሌሊት ነው። ፊልሙ ሁልጊዜ በመጣበት ማታ የሚታይ ከሆነ በወር ስድስት ወይ ሰባት ዲስክ ይገባል፤ አንዱ 3 ዶላር ያህል ይወጣል። ግን እንዲህ እየተሯሯጠ ፊልም የሚያይ ማን አለ? ዲስኩ ቤት አንድ ሳምንት ከቆየ ዙሩ 15 ቀን ይሆናል፤ በወር አራት ዲስክ፣ አንዱ 5 ዶላር። ያንኑ ፊልም ኢንተርኔት ላይ ተከራይቶ እዚያው ለማየት ብዙ ጊዜ 4 ዶላር ገደማ ይበቃል። የእኔ መዝገብ ይኸው፦ 11 ወር፣ 220 ዶላር፣ 58 ዲስክ። አራቱ አልሠሩም። በሠሩት 54 ሲካፈል አንዱ 4 ዶላር ከ7 ሳንቲም መጣ።

«ጥፋቱ የፖስታ ቤቱ ነው» ይላል ሻጩ። ግማሹ እውነት ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ለአንደኛ ደረጃ ደብዳቤ ቃል የገባው የመድረሻ ጊዜ እስከ 3 ቀን የነበረ ሲሆን፣ ከጥቅምት 2021 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ እስከ 5 ቀን ተለጥጧል። ሻጩ ግን ይህን እያወቀ ነው «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል የሚያትመው። ገደቡ የፖስታ መኪናው ፍጥነት ነው፤ ያም ቢሆን ገደብ ነው።

«ኔትፍሊክስስ በዚሁ አሠራር አልነበር የከበረው?» የሚልም አይጠፋም። አዎ፣ ግን ነገሩ አንድ አይደለም። ኔትፍሊክስ በ1998 በፖስታ ማከራየት ጀመረ፣ በ1999 ወደ ወርሃዊ ክፍያ ገባ፤ ሥራው በደራበት ጊዜ በመላ አገሪቱ ከ50 በላይ ማከፋፈያ ማዕከላት ነበሩት። ዲስኩ ከቅርብ ከተማ ስለሚነሣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ይደርስ፣ በማግሥቱ ይመለስ ነበር። በ2004 መጨረሻ በአንድ ጊዜ ሦስት ዲስክ የሚሰጠው ውል 17 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። ዙሩን አራት ቀን ብንለው በወር ከ20 ዲስክ በላይ ይሆናል፤ አንዱ ከ1 ዶላር በታች። የዛሬው አከራይ ግን አንድ መጋዘን ነው ያለው። መጋዘኑ በአንዱ ዳርቻ፣ ደንበኛው በሌላው ዳርቻ ከሆነ በመሄጃም በመመለሻም ቀን ይጨመራል፤ ዋጋው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ፊልም አላችሁ?» ሳይሆን «መጋዘናችሁ የት ነው?» ነው።

በዚያ ደጉ ዘመንም ቢሆን ቃሉ ሙሉ አልነበረም። ቶሎ ቶሎ እያየ የሚመልስ ደንበኛ ለድርጅቱ ኪሳራ ነው፤ ተፈላጊው ፊልም ደግሞ ትንሽ ለሚከራየው ይቀድም ነበር። በ2004 አንድ ደንበኛ በራሱና በሌሎች ደንበኞች ስም በዚህ ምክንያት ኔትፍሊክስን ከሰሰ። በ2005 መጀመሪያ ድርጅቱ ብዙ የሚከራይ ሰው ወደ ኋላ ሊባል እንደሚችል በውሉ ላይ በግልጽ ጻፈ።

ዙሩን ማሳጠር ይቻላል፤ ተአምር አይጠበቅ እንጂ። ፖስታው ቤት ደጅ ያለው ሳጥን ውስጥ ከፖስተኛው መምጫ በፊት ይግባ፣ ፖስተኛው የሚወሰድ እንዳለ እንዲያይ ቀይዋ ምልክትም ቀና ትበል። መንገድ ዳር ባለው ሰማያዊ ሳጥን ከሆነ የሚነሣበት ሰዓት ፊቱ ላይ ተለጥፏል፤ ቅዳሜ ከዚያ ሰዓት ካለፈ ዲስኩ እስከ ሰኞ እዚያው ያድራል። ሰኞ የሚውሉ የፌዴራል በዓላትም አንድ አንድ ቀን ይበላሉ። አሜሪካ ውስጥ አዳዲስ ዲስኮች ገበያ የሚወጡት ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ አዲስ ፊልም የሚፈልግ ሰው የሚመልሰው ዲስክ ሰኞ መጋዘን እንዲደርስ አድርጎ ይላክ። ተከታታይ ድራማ ከሆነ ደግሞ መጋዘኑ በእጁ ያለውን ስለሚልክ፣ አንደኛው ዲስክ ሌላ ተከራይ ላይ እያለ ሦስተኛው ቀድሞ ይመጣል። መድኃኒቱ አንዱ መላኩ ሳይረጋገጥ ቀጣዩን አከራዩ ጋ ባለው የሚፈለጉ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ አለማስገባት ነው።

የዲስኩን ብልሽት ብዙ ሰው በጭረት ብቻ ያሳብባል። ከማጫወት በፊት መታየት ያለበት ግን የመሐሉ ቀዳዳ ዙሪያ ነው። ሰው ዲስኩን መሐሉን ሳይጫን ጠርዙን ይዞ ከመያዣው ሲጎትተው ይጎብጣል፤ ከቀዳዳው የሚነሣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። አምፖል ፊት ይዞ ማገላበጥ ነው፤ ስንጥቁ ያበራል። እንዲህ ያለው ዲስክ ማጫወቻ ውስጥ አይገባም፤ በፍጥነት ሲሽከረከር ሊበተን ይችላል።

ፊልሙ የት ላይ እንደቆመም ብዙ ይናገራል። ዲቪዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ነው። አብዛኛው ፊልም ባለሁለት ንብርብር ዲስክ ላይ ይታተማል፤ ጨረሩ አንደኛውን ንብርብር ይዞ ዳር ይደርስና ሁለተኛውን ይዞ ወደ መሐል ይመለሳል። ስለዚህ ፊልሙ ግማሹ ላይ ሲደርስ ድርቅ ካለ ዲስኩ አለቀለት ማለት አይደለም፤ ከእርስዎ በፊት የተከራየው ሰው የጣት አሻራ ዳሩ ላይ ሊኖር ይችላል። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ቀጥ አድርጎ መጥረግ ነው። እየዞሩ መጥረግ ግን አይሆንም፤ መረጃው ዙሪያውን ከተጻፈበት መስመር ጋር የሚሄድ ጭረት ማጫወቻው ሊያርመው ከሚችለው በላይ የሆነ ረጅም ስህተት ይፈጥራል። ዲቪዲ ላይ መረጃው ያለው 0.6 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ላይ ስለሆነ ጭረቱ በመወልወያ ማሽን ሊወጣ ይችላል። ብሉሬይ ላይ ጥልቀቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ማሽን ማስገባት ማበላሸት ነው። ካልሆነ ግን ዲስኩ ሳይመለስ በዚያው ማታ «አይሠራም» ብሎ ማሳወቅ ነው፤ ምትኩ ወዲያው ይላካል። እኔ ጋ አራቱ ባልሠሩ ጊዜ ከሁለቱ ላይ ቢያንስ አንድ አንድ ሳምንት የተረፈው በዚህ ነው። «እስኪ ይመለስና እናያለን» የሚል አከራይ ከሆነ ዘጠኙ ቀን በሙሉ ከኪስ ነው።

ታዲያ ለምን እስካሁን አልተሰረዘም? በሕግ ምክንያት። አሜሪካ ውስጥ ዲስክ የገዛ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ማከራየት ይችላል፤ ኢንተርኔት ላይ ለማሳየት ግን ለእያንዳንዱ ፊልም ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ ሲያልቅ ፊልሙ ይጠፋል። የትም የማይገኝ የቆየ ፊልም በዲስክ ያለው ለዚህ ነው። የአማርኛ ፊልም ግን ከእነዚህ አከራዮች አይጠበቅ፤ ለዚያ ሀበሻ ሱቅ ይሻላል። ኢትዮጵያ በዲቪዲ አከፋፈል ክልል 5፣ አሜሪካ ክልል 1 እንደሆኑ ግን አይረሳ፤ የክልል 5 ቁልፍ ያለበትን ዲስክ ተራው የአሜሪካ ማጫወቻ አይቀበለውም። ቪሲዲ የክልል ቁልፍ የለውም።

ሻጩ የማያነሣው ተፎካካሪ ደግሞ አለ፤ የሰፈሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። ዲቪዲ በነጻ ያውሳል፣ የሌለውን ከሌላ ቅርንጫፍ ያስመጣል። ከ58ቱ ዲስኮች 31ዱ እዚያው ነበሩ። ይህን ዘግይቶ ማወቅ ነው ከሁሉም የሚያናድደው።

ከዚህ ወር ጀምሮ ውሉ ወደ አንድ ዲስክ ወርዷል። ዝርዝሩ ላይ 14 ፊልም ቀርቷል፤ ስድስቱ ኢንተርኔትም ላይ ቤተ መጻሕፍትም ውስጥ የሉም። እነሱ እስኪያልቁ 33 ሳንቲሟ ትቆጠር።