የቮልሃርድ የቡችላ ጠባይ ፈተና፦ ለማላመድ ጥሩ፣ ለትንቢት ደካማ

የውሻ አሠልጣኞቹ ጃክና ዌንዲ ቮልሃርድ ያዘጋጁት ይህ ፈተና ቡችላ በተወለደ በ49ኛው ቀን ይሰጣል። አሥር ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ከ1 እስከ 6 ነጥብ ይመዘገባል። 1 የሚታገልና የሚናከስ፣ 5 ድንጉጥ፣ 6 ለሰው ደንታ የሌለው ነው። ለቤተሰብ የሚመከሩት 3 እና 4 የሚበዛላቸው ናቸው። ዕቃው ከየቤቱ አይጠፋም፦ ገመድ የታሰረበት ፎጣ፣ ጃንጥላ፣ ማንኪያና ብረት ድስት፣ የተጨማደደ ወረቀት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነጥቡን ደምሮ ሲያካፍል ነው። ሲያዝ 1፣ ድምፅ ሲሰማ 5 ያገኘ ቡችላ የሁለቱ አማካይ 3 ይሆናል። ወረቀት ላይ የዋህ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ግን ሲፈራ ሊናከስ ይችላል። ቁጥሮቹን ለየብቻ ያንብቡ።

ምርጡ ክፍል የድምፁ ነው። ማንኪያው ድስቱን ሲመታ መደንገጥ ያለ ነው፤ መታየት ያለበት ከድንጋጤው በኋላ የሚሆነው ነው። በጥቂት ሰከንድ ተመልሶ ድስቱን የሚያሸትና ጥግ ይዞ ምግብ እንኳ እምቢ የሚል ቡችላ በአንድ ዕቅድ አይላመዱም። ለመጀመሪያው በየቀኑ አዲስ ድምፅ መጨመር ይቻላል። ለሁለተኛው ድስቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሌላ ክፍል ይመታል፤ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ወዲያው ቁራሽ ምግብ ይከተላል። መብላት ካቆመ ድምፁ በዝቶበታል፣ ይራቅ። ልምምዱ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ደካማው ክፍል ቡችላውን በጀርባው አስተኝቶ 30 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያም ከመሬት አንሥቶ ሌላ 30 ሰከንድ ማቆየት ነው። «የበላዩ ማን ነው» ከሚል አሮጌ አስተሳሰብ የመጣ ነው። ያልታገለውን አይቶ «እንዴት የረጋ ነው!» ማለት ይቀናል፤ ፈተናው ራሱ ግን በጀርባው ተይዞ ለማይታገል 5 ይሰጣል። ሰውነቱ ደርቆ፣ የዓይኑ ነጭ እየታየ፣ አፉን እየላሰ ከሆነ ዝምታው ፍርሃት ነው፤ ወዲያው ይለቀቅ። ድንጉጥ ቡችላ ላይ ይህ ክፍል ባይደረግ እንመርጣለን።

ፈታኙ ለቡችላው እንግዳ፣ ቦታውም አዲስ መሆን አለበት። አንድ በአንድ ይፈተናሉ፤ የወንድሞቹ ጩኸት ከተሰማው ልቡ ወደዚያ ይሄዳል። ሆዱ የሞላ ይተኛል፣ በዕለቱ የተከተበም ደህና ቀኑ አይደለም። የሚያንሸራትት ወለል ደግሞ ደፋሩን ፈሪ ያስመስላል።

በሰባት ሳምንት የተለካ ጠባይ ውሻው ሲያድግ ምን እንደሚሆን በደንብ አይናገርም። ቡችላው ከሰውና ከአካባቢው ጋር የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ የሚዘልቅ ስለሆነ ፈተናው መሃል ላይ ይወድቃል፤ ጥቅሙም የቀሩት ሳምንታት በምን ላይ እንዲውሉ ማሳየቱ ነው። አርቢው የነጥብ ወረቀት ሲሰጥዎ ቪዲዮውንም ይጠይቁ። የለም ካለ ቢያንስ የድምፁንና ጃንጥላ የሚከፈትበትን ክፍል ዓይንዎ እያየ ያስደግሙ፤ በሁለተኛው ሙከራ ድንጋጤው ከበረደ ጥሩ ምልክት ነው፣ ከባሰ ያቁሙት።