ጠበቃ ሳትቸገሩ መምረጥ፦ ለብቻው የሚሰራ ወይስ የጥብቅና ድርጅት? በጉዳይ መክፈል ወይስ በወር?

አብዛኞቻችን ጠበቃ የምንፈልገው መጥሪያ እጃችን ከገባ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ለመምረጥ ጊዜውም ቀልቡም የለም። መልስ የሚቀርብበት ቀን ደርሷል፣ ቤተሰቡ ተጨንቋል፣ አንዱ ዘመድ «እኔ የማውቀው ጎበዝ ሰው አለ» ይላል፣ በዚያው ቀን ተደውሎ በማግስቱ ግማሹ ክፍያ ይሰጣል። ሰውየው ምን ዓይነት ጉዳይ እንደሚይዝ ማንም አልጠየቀም። ክፍያው ምን ምንን እንደሚያካትትም እንዲሁ። ፍሪጅ ለመግዛት መርካቶን ደጋግመን የምንዞር ሰዎች፣ ቤታችንን ወይም ስራችንን አደራ የምንሰጠውን ሰው በአንድ ስልክ እንይዛለን።

እኔ የምለው ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጠበቃ የሚመረጠው ምንም ጉዳይ ሳይኖር ነው፣ ምክንያቱም ያኔ ዋጋ መጠየቅ፣ ማወዳደር፣ ካልተስማማችሁም አመስግኖ መውጣት ትችላላችሁ። ከታች የማወዳድራቸው አማራጮች በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚኖር፣ ወይም አዲስ አበባ ንብረት ላለው ሰው የሚሆኑ ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ጊዜ ትንሽ ልበል። ከስራ ያለአግባብ ተሰናብቼያለሁ፣ ወደ ስራዬ ልመለስ የሚል ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ላልተከፈለ ደሞዝና ለትርፍ ሰዓት ደግሞ 6 ወር ነው ያለው። በፍትሐ ብሔር ክርክር የተሸነፈ ሰው ይግባኝ የሚለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሦስት ወር ረጅም ይመስላል። ግን ሰው መጀመሪያ ይናደዳል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይልካል፣ «ቆይ እስቲ እናያለን» ይባላል፣ ጠበቃ ፍለጋው ሲጀመር ቀኑ ሄዷል። ስልኩ አስቀድሞ ያላችሁ ጠበቃ ካለ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ «ሽምግልናው ይቀጥል፣ ክሱ ግን ከዚህ ቀን እንዳያልፍ» ይላችኋል።

ጠበቃ ያልሆኑት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ራፖር ጸሐፊ ነው። ፍርድ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉትን ማለቴ ነው። አልንቃቸውም። የመዝገብ ግልባጭ ለመጠየቅ ወይም ለወረዳ ደብዳቤ ለማስገባት ርካሽና ፈጣን ናቸው። ክስ ወይም የክስ መልስ ግን አታስጽፏቸው። አንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ፦ ይርጋ። የተከሰሳችሁበት ዕዳ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። በሕጋችን ግን ዳኛው ይርጋን በራሱ አያነሳላችሁም። በመልሳችሁ ላይ እናንተ ካላነሳችሁት፣ ሊያሸንፋችሁ የሚችለው ነጥብ እዚያው ይቀራል። ራፖር ጸሐፊው የነገራችሁትን አሳምሮ ይጽፋል፣ ያልነገራችሁትን የመጠየቅ ግዴታ ግን የለበትም።

ሌላው ጉዳይ ገዳይ የሚባለው ነው። ፈቃድ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ «ሰው አለኝ» ይላል። እዚህ ላይ የማወዳድረው ነገር የለም። ገንዘባችሁን ይዞ ቢጠፋ የምትከሱበት ወረቀት እንኳ አይኖራችሁም።

ለብቻው የሚሰራ ጠበቃና የጥብቅና ድርጅት

የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249/2013 እስኪወጣ ድረስ ጠበቆች ቢሮ ቢጋሩም እያንዳንዱ የሚሰራው በየግሉ ፈቃድ ነበር። አዋጁ ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ስለዚህ ዛሬ ሁለቱም አማራጭ አለ፣ ልዩነታቸውም ደንበኛው ኪስ ድረስ ይመጣል።

ለብቻው የሚሰራ ጠበቃ ጋር ስትሄዱ ያነጋገራችሁት ሰውዬ ራሱ ነው ችሎት የሚቆመው። ታሪካችሁን አንዴ ትነግሩታላችሁ፣ ያውቃችኋል፣ ዋጋም ፊት ለፊት ትደራደራላችሁ። ችግሩ እሱም አንድ ሰው መሆኑ ነው። ልደታ ቀጠሮ ያለው ቀን ቦሌም ቀጠሮ ከወጣለት አንዱ ጋ መቅረት ወይም ሰው መላክ አለበት። ሲታመም፣ ሲሄድ መዝገባችሁም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ «እርስዎ ባይመችዎት ማን ይተካል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚተካውን ሰው ስም የማይነግራችሁ ከሆነ አስቡበት።

ድርጅት ውስጥ ደግሞ ፋይሉ የቢሮው ነው። ግብር የሚያውቅ፣ የንግድ ውል የሚያውቅ፣ ችሎት የሚከራከር ለየብቻ ይኖራል፣ አንዱ ባይመጣ ሌላው ይመጣል። ዋጋው ግን በአብዛኛው ከፍ ይላል። ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ ቀን ስሙ በር ላይ የተጻፈው አንጋፋ ሰው ያነጋግራችኋል፣ በኋላ ችሎት የሚቆመው ግን ትናንት ፈቃድ ያወጣ ልጅ ሊሆን ይችላል። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ ግን የከፈላችሁት ለአንጋፋው ከሆነ ማን እንደሚቆም አስቀድማችሁ በጽሁፍ እወቁ።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ለውርስ፣ ለቤት ሽያጭ፣ ለአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ያንኑ ዓይነት ጉዳይ ደጋግሞ የያዘ ለብቻው የሚሰራ ጠበቃ ይሻላል። የንግድ ማህበር አቋቁማችሁ ዕቃ የምታስገቡ፣ ሠራተኛ የምትቀጥሩ፣ ወይም የውጭ ሸሪክ ያላችሁ ከሆነ ወደ ድርጅቱ ሂዱ። መካከል ላይ ያላችሁ፣ ለምሳሌ አንድ ሱቅና ሁለት ሠራተኛ ያላችሁ ሰዎች፣ ድርጅት አያስፈልጋችሁም።

የትኛውንም ብትመርጡ ፈቃዱን አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። የፌዴራሉን ፈቃድ የሚሰጠው ፍትህ ሚኒስቴር ነው። የታደሰ መሆኑንና ለየትኛው ፍርድ ቤት ደረጃ እንደሆነ እዩ። ክልል ላይ ለሚከራከር ጉዳይ የክልሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መሬቱ ባሕር ዳር ሆኖ የፌዴራል ፈቃድ ብቻ ያለው ጠበቃ ብትይዙ ለሁለተኛ ጠበቃ መክፈላችሁ አይቀርም።

ክፍያው

ስለ ክፍያ ሰው የሚጠይቀው «ስንት?» ብቻ ነው። ዋጋ ከጠበቃ ጠበቃ ይለያያል፣ ስለዚህ የሚበልጠው ጥያቄ «እስከየት?» የሚለው ነው።

በጉዳይ መክፈል የተለመደው ነው። አንድ ዋጋ ትስማማላችሁ፣ ግማሹ አሁን፣ ቀሪው በኋላ። ጸቡ የሚነሳው ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ነው። እናንተ «ጉዳዩ» ስትሉ ገንዘቡ እጃችሁ እስኪገባ ማለታችሁ ነው። ጠበቃው ግን የመጀመሪያ ደረጃውን ክርክር ብቻ አስቦ ሊሆን ይችላል። ይግባኝ ሌላ ክፍያ፣ አፈጻጸም ማለትም የተፈረደውን ማስከፈል ሌላ ክፍያ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም፣ ውሉ ላይ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ የክስ ዝግጅት፣ ክርክር፣ እግድ፣ ይግባኝ፣ አፈጻጸም እያላችሁ እያንዳንዱ በክፍያው ውስጥ መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያም ከጠበቃው አበል የተለየ ነው፣ ማን እንደሚከፍለው ይጻፍ።

በመቶኛ መክፈል ገንዘብ ለሌለው ሰው ያጓጓል። እዚህ ጋር አንድ ቃል ተመልከቱ፦ ከተፈረደው ነው ወይስ ከተሰበሰበው? ፍርድ ቤት ሚሊዮን ብር ፈርዶላችሁ ባለዕዳው ምንም ንብረት ባይገኝበት፣ «ከተፈረደው» ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ያላገኛችሁትን ገንዘብ ድርሻ ትጠየቃላችሁ። «እጅ ከገባው ላይ» ተብሎ ይጻፍ።

በወር እየከፈሉ ቋሚ የሕግ አማካሪ መያዝ ለነጋዴ ጥሩ ነው። በየሳምንቱ ውል የሚፈርም ሰው በየውሉ ከሚከፍል በወር ቢከፍል ያዋጣዋል። ለደሞዝተኛ ግን ብክነት ነው። ለእሱ የሚሻለው የአንድ ጊዜ ምክር ነው፦ ቤት ሊገዛ ሲል፣ አዲስ ቅጥር ሊፈርም ሲል፣ የወላጅ ውርስ ሊካፈል ሲል ከፍሎ መጠየቅ። እኔ ከሁሉም አማራጭ ለገንዘቡ የሚበልጥ የምለው ይህንን ነው፣ ግን «ለወሬ ብቻ እከፍላለሁ እንዴ?» እየተባለ ይታለፋል።

ወሬ አይደለም። የቤት ግዢን ውሰዱ። ጥሩ ጠበቃ ከመፈረማችሁ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ እዳና እገዳ እንዳለበት፣ ሻጩ ያገባ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ከሆነ የአንዱ ፊርማ ብቻ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረትም የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሁፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት። ቀብድ ከፍላችሁ እናንተ ብትቀሩ ቀብዱ ይቀራል፣ ሻጩ ቢቀር እጥፍ ይመልሳል፤ ይህን ሳያውቅ ቀብድ የሚያስይዝ ሰው ብዙ ነው። ብድርም ላይ እንዲሁ። ከ500 ብር በላይ ያበደረ ሰው፣ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም ካልማለ በስተቀር በምስክር ብቻ ማስረዳት አይችልም። ለጓደኛ 300 ሺህ ብር በቃል ሰጥቶ «አምስት ሰው ፊት ነው የሰጠሁት» የሚል ሰው ጠበቃ የሚፈልገው ገንዘቡን ከሰጠ በኋላ ነው።

አቅም ለሌለው

በወንጀል ለተከሰሰና መክፈል ለማይችል ሰው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማህበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉት። ከግል ጠበቃ ጋር ሲወዳደሩ ጉዳያችሁን ማን እንደሚይዘው አትመርጡም፣ ተራም ይኖራል። ግን ከጉዳይ ገዳይ ጋር ጨርሶ አይወዳደሩም። አቅም የላችሁም ማለት ራፖር ጸሐፊ ብቻ ነው ያላችሁ ማለት አይደለም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የቤት ኪራይ ውላችሁን ወይም የቅጥር ውላችሁን ይዛችሁ «እዚህ ውስጥ የሚያሳስብዎት ነገር አለ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ጥሩው ጠበቃ ወረቀቱን ያነባል፣ ቀን ይጠይቃል፣ እናንተን የሚጎዳውን አንቀጽ ያሳያችኋል፣ የማያውቀው ጉዳይ ከሆነም ወደሚያውቅ ሰው ይልካችኋል። ሳያነብ ዋጋ የሚጠራው፣ «መቶ በመቶ እናሸንፋለን» የሚለው፣ ከሁሉም በላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚለው ሲያጋጥማችሁ ተነሱና ውጡ።

ውክልና ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ውልና ማስረጃ ወረፋ ይዛችሁ፣ ጠበቃው ያዘጋጀውን ወረቀት ተራችሁ ሲደርስ ብቻ አትዩት። ቤት ውስጥ አንብቡት። ክስ እንዲመሰርት፣ መልስ እንዲሰጥ፣ ማስረጃ እንዲያቀርብ፣ ይግባኝ እንዲል፣ እንዲያስፈጽም የሚሉት ለስራው ያስፈልጉታል። «እንዲታረቅ» እና «ገንዘብ እንዲቀበል» የሚሉት ግን ሌላ ናቸው፤ እናንተ ሳታውቁ ጉዳዩን በስምምነት ሊዘጋው፣ የተፈረደላችሁን ገንዘብም በራሱ እጅ ሊቀበል ይችላል ማለት ነው። ካላመናችሁበት ከወረቀቱ ላይ ይውጡ።

አሜሪካም ሆነ ዱባይ ሆናችሁ ከኤምባሲ ወይም ከቆንስላ ውክልና የምትልኩ ወገኖች ይህን ሁለቴ አንብቡት። እናንተ ጋር የሚደርሰው ዜና ወንድም ወይም ጠበቃ የነገራችሁ ብቻ ነው። ለወንድም የሰጣችሁት ውክልና ላይ «ጠበቃ እንዲወክል» ካለ፣ ጠበቃውን የሚመርጠው እሱ ነው። የምትፈልጉት ጠበቃ ካለ በቀጥታ ለእሱ ስጡ፣ የመዝገብ ቁጥሩንም ተቀበሉ፣ ቀጠሮውን ሰው ልካችሁ ማረጋገጥ እንድትችሉ።

የመረጣችሁትን ጠበቃ ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ለባለቤታችሁ ወይም ለትልቅ ልጃችሁ ስጡ። ሰው ሲያዝ ስልኩ ይወሰዳል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጠበቃ ጋር የሚደውለው እናንተ ሳትሆኑ ቤተሰብ ነው።

የመረጣችሁት ሰው ካልሆነ ደግሞ መቀየር ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይሉኝታ ይዞት ስልክ የማያነሳ ጠበቃ ጋር ዓመት ይቆያል። ውክልናውን ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ሻሩት፣ መሻሩን ለጠበቃውም ለችሎቱም በጽሁፍ አሳውቁ፣ ዋና ዋና ሰነዶቻችሁን ፈርማችሁ ተረከቡ። ከመጀመሪያውም ዋናውን ካርታ ወይም ዋናውን ውል አትስጡት፤ ኮፒ ስጡት፣ ዋናውን ለችሎት ማመሳከሪያ ሲፈለግ ይዛችሁ ሂዱ።