የፊዚክስ የግጭት ጥያቄ ለሚያስለቅሳቸው ልጆች፦ ይህን አስጠኚ አትለፉት

ይህን ወንድማችንን ክፉ አይንካው። ስሙ በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይፈልግ አልጽፈውም፤ የምትፈልጉት በውስጥ ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ።

እሱ ጋ ከመምጣቷ በፊት የእህቴ ልጅ ሌላ ቦታ ስትማር ነበር። የተከፈለው ገንዘብ ይቅር፣ ይዛ የተመለሰችው አንድ ገጽ ሙሉ ቀመር ነው። ተጣብቀው ለሚቀሩ አንድ፣ ለኢላስቲክ (የእንቅስቃሴ ጉልበት ሳይጠፋባቸው ተጋጭተው ለሚለያዩ) ሁለት፣ አንዱ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ሌላ። የቱን መቼ እንደምትጠቀም የነገራት የለም። «ለምን?» ስትል መልሱ «ሸምድጂው» ነበር። እንዲህ ተብሎ ማስጠናት!

ይህ አስጠኚ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገና አንድ ጥያቄ ሰጣት። 2 ኪሎግራም ጋሪ በሰከንድ 6 ሜትር ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ 1 ኪሎግራም ጋሪ በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ግራ ይመጣበታል። ተጋጭተው ቢጣበቁ ፍጥነታቸው ስንት ነው? የእያንዳንዱን ኪሎግራም በፍጥነቱ አባዝታ (2 በ6፣ 12፤ 1 በ3፣ 3) 12 እና 3ን ደምራ ለጠቅላላው 3 ኪሎግራም አካፈለችና 5 አለች። አልሰረዘባትም። «ትንሹ ቆሞ ቢሆንስ?» አላት። 12 ለ3፣ 4። «ቆሞ እያለ 4 ከሆነ፣ ፊት ለፊት እየገፋው እንዴት 5 ይሆናል?» ብሎ ዝም አለ። ትንሽ ቆይታ ራሷ 3 ፊት የመቀነስ ምልክት ጻፈች። 12 ሲቀነስ 3፣ 9፤ ለ3 ሲካፈል፣ 3 ሜትር በሰከንድ ወደ ቀኝ። በግጭት ጥያቄ ነጥብ የሚጠፋው እዚችው ምልክት ላይም ነው፤ ያለ ቁጣ ሲያሳያት ማየት ያስደስታል።

ያንኑ ጥያቄ ሳይለቅ ወደ ኢላስቲክ አዞረው። ከግጭቱ በኋላ የትልቁን ፍጥነት ሀ፣ የትንሹን ለ አለና የሞመንተሙን (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) እኩልታ አስጻፋት፦ 2ሀ + ለ = 9። ብዙ አስጠኚ ቀጥሎ የካይኔቲክ ኢነርጂውን (የእንቅስቃሴ ጉልበቱን) እኩልታ አስገብቶ በስኩዌር ያደክማል። በዚያ መንገድ ሁለት መልስ ይወጣል፤ አንደኛው 6 እና −3፣ ማለትም ከግጭቱ በፊት የነበረው ራሱ ነው፤ ተማሪውም እሱን አክብቦ ይሄዳል። እሱ ግን የተቀራረቡበት ፍጥነት (6 ሲደመር 3፣ 9) ከሚራራቁበት ጋር እኩል መሆኑን አሳያት፦ ለ − ሀ = 9። ሀ ዜሮ፣ ለ 9። ትልቁ ጋሪ ቀጥ ብሎ ይቆማል! ካይኔቲክ ኢነርጂውን ያሰላው ለማረጋገጫ ብቻ ነው፦ በፊት 36 እና 4.5፣ በኋላም 40.5 ጁል። ሲጣበቁ ግን የሚተርፈው 13.5 ብቻ ነው፤ 27ቱ ወደ ሙቀት፣ ወደ ድምፅና ወደ መጨማደድ ሄዷል። ስለዚህ ጥያቄው «ኢላስቲክ» ካላለ ካይኔቲክ ኢነርጂን እኩል አታድርጊ አላት። ሞመንተሙ ግን፣ ግጭቱ በሚቆይባት ቅጽበት የሰበቃና የመሳሰለው የውጭ ኃይል ግፊት ኢምንት እስከሆነ ድረስ፣ በሁለቱም ይጠበቃል።

አሁን ቀመር አትፈልግም። ቀስት ትስላለች፣ ግራሙን ወደ ኪሎግራም ትለውጣለች፣ መልሱ ሲወጣ ደግሞ ከኋላ ያለው ከፊተኛው ይፈጥን እንደሆነ ታያለች፤ ከፈጠነ አንዱ በሌላው ውስጥ አልፏል ማለት ነውና እንደገና ትሠራለች።

አንድ ነገር ልበል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ፤ በአንድ ሰዓት አንድ ጥያቄ ብቻ ሊይዝ ይችላል። ፈተናው ነገ ለሆነ ልጅ አይሆንም። ጊዜ ላላችሁ ግን ልጆቻችሁን ላኩለት፣ ደግሜ እላለሁ፣ ላኩለት። ስትልኩ የተሳሳቱበትን የፈተና ወረቀት አስይዟቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።