የኢንጂነሮች ቀለበት፦ የካናዳው ወይስ የአሜሪካው?

ካናዳ ውስጥ ምህንድስና የጨረሰ ተመራቂ በአንድ የመሐላ ሥርዓት ላይ ቃል ገብቶ ትንሿ ጣቱ ላይ ቀለበት ያጠልቃል፤ በሚጽፍበት እጁ። ንድፍ ሲሠራ ቀለበቱ ወረቀቱን እየነካ ቃሉን ያስታውሰዋል። ይሄ ነገር ልቤን ይነካኛል።

ሥርዓቱ በ1925 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የመሐላውን ጽሑፍ ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ለብዙ ዘመን በዝግ በር ነበር የሚካሄደው። አሜሪካኖች ሐሳቡን ወስደው በ1970 የራሳቸውን ጀመሩ። የእነሱ በአደባባይ ነው። እናትና አባት ቁጭ ብለው ያያሉ፣ መሐላውም ለማንም ይገባል።

ታዲያ የካናዳው ይታደስ ቢባል የትኛውን ይከተል? በሩን በመክፈት አሜሪካኖቹ ይበልጣሉ፤ እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም። የኪፕሊንግ ቋንቋም የቅኝ ግዛት ዘመን ሰው ቋንቋ ነው። ሴት ኢንጂነር ትመጣለች ብሎ አላሰበም።

በቃሉ ክብደት ግን የካናዳው ይበልጥብኛል። በኪፕሊንግ ጽሑፍ ተመራቂው በቀዝቃዛ ብረት ይምላል። መጥፎ ሥራና እንከን ያለበት ዕቃ በእኔ እጅ አያልፍም ይላል። ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ገና ሥራ ሳይጀምር ለወደፊት ስህተቱ ይቅርታ ይጠይቃል። የአሜሪካው ሰውን ስለማገልገልና የምድርን ሀብት በአግባቡ ስለመጠቀም ይናገራል። ጥሩ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ኑዛዜ የለውም።

በ1907 የኩቤክ ድልድይ ገና ሲሠራ ተደርምሶ 75 ሠራተኞች ሞቱ። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች ከዚያ ብረት ተሠሩ የሚባለው እውነት አይደለም። ከሟቾቹ ከሠላሳ በላይ የሚሆኑት ግን ካናዋኬ ከሚባለው መንደር የመጡ ሞሃውኮች፣ ማለትም የአገሩ ነባር ሕዝብ ነበሩ። እኔ ብሆን ኑዛዜውን እንዳለ አቆይቼ፣ ቀሪውን የእነሱም ልጆች በሙሉ ልብ ሊምሉበት በሚችሉት ቋንቋ እጽፈዋለሁ።