ጉጉት ልግዛ ወይስ ቁራ? አውራ ተርኪ ለማግኘት የትኛው ኮል ይሻላል

ተርኪ የሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ የሚታደንበት ስፕሪንግ ሲቃረብ ሁሌ የምጠየቀው ጥያቄ ነው። ኮል ማለት የእንስሳ ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ ነው፣ ጉጉትና ቁራ ስልም የነሱን ድምፅ የሚያወጣውን ኮል ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ቀጥታ ሄዶ ቦክስ ኮል፣ ማለትም እንጨቱ ሲፋተግ የሴቷን ተርኪ ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ሳጥን ይገዛና በሱ አውራውን ሊፈልግ ጫካ ይገባል፣ እኔ እዚህ ጋ ነው የማልስማማው። መጀመሪያ የት እንዳለ ማወቅ ነው፣ መጥራቱ በኋላ ይደርሳል። አውራው በዚህ ወቅት ደሙ ስለሚሞቅ ድንገተኛ ጩኸት ሲሰማ ሳያስበው ይመልሳል፣ የመኪና በር ሲዘጋ እንኳን ሊጮህ ይችላል፣ አዳኞቹ ሾክ ጎብል ይሉታል። ለጉጉት ወይ ለቁራ ሲመልስ ግን ካለበት አይነቃነቅም፣ አንተ ቀስ ብለህ ትጠጋለህ። የሴት ድምፅ ካሰማኸው ግን ገና ሜዳ ላይ ቆመህ እያለ ሊመጣብህ ይችላል፣ በዛ ላይ የህዝብ መሬት ላይ ከሆንክ ሌላ አዳኝም ድምፁን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል፣ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የጉጉት ኮል ከ15 እስከ 30 ዶላር ባለው ጥሩ ይገኛል። ጊዜው ጎህ ሳይቀድ፣ አውራው ገና ዛፉ ላይ እያለ ነው። ባርድ የሚባለው ጉጉት ስምንት ድምፅ አለው፣ ሁ ሁ ሁ-ሁ፣ ሁ ሁ ሁ-ሁዋ፣ ግን ሙሉውን አትንፋው ምክንያቱም አንተ እየነፋህ እሱ ቢመልስ አትሰማውም። ሦስት አራቱን ከሆድህ ነፍተህ ዝም በል፣ አፍህን ትንሽ ከፈት አድርገህ ስማ። በአፉ ማስመሰል የሚችል ሰው ደግሞ ባይገዛም ይችላል።

ፀሐይ ከወጣችና ከዛፍ ከወረደ በኋላ ቁራው ይበልጣል። ድምፁ ቀጭንና ስል ነው፣ ትንሽ ስለሆነ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፣ ዋጋውም ከጉጉቱ አይበልጥም። ምራቅ ሲገባበት ውስጡ ያለችው ምላስ ትጣበቃለች፣ መዳፍህ ላይ መታ መታ አድርገህ አራግፈው። ሁለት ሦስቴ አጭር አጭር አድርገህ ነው የምትነፋው፣ ካበዛኸው እውነተኞቹ ቁራዎች ተሰብስበው ይመጡና በነሱ ጫጫታ ምንም አትሰማም። እዚህ ቨርጂኒያ ወቅቱ ኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አደን የሚፈቀደው እስከ እኩለ ቀን ብቻ ስለሆነ ከንጋት በኋላ ያሉት ሰዓታት ትልቅ ዋጋ አላቸው፣ ለነሱ ነው ቁራው።

የኮዮቲን፣ ማለትም የተኩላ ዘመድ የሆነውን አውሬ ድምፅ የሚያወጣውን ኮል፣ ምዕራብ ሜዳ ላይ ለሚያድን እመክራለሁ፣ ማታ ላይ የት ዛፍ እንዳደረ ለማወቅ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ላለው ሰው መጀመሪያ የሚገዛ አይደለም። ኤሌክትሮኒክ የሆነውን ግን ተወው፣ ቨርጂኒያን ጨምሮ በብዙ ስቴት ለተርኪ ክልክል ነው፣ ስልክህ ላይ ያለው ድምፅ ቤት ውስጥ ለመለማመጃ ይሁን።

ታዲያ ቦክስ ኮል አይረባም ወይ? ኧረ ይረባል! ንፋስ ሲበረታ የጉጉቱም የቁራውም ኮል ሳይሰማ የሱ ድምፅ ያልፋል፣ ያኔ ለፍለጋም ይሆናል፣ ግን ዛፍ ተደግፈህ ተቀምጠህ ብቻ። ዝናብ ላይ ግን እንጨቱም እላዩ ላይ የሚቀባው ጠመኔም ስለሚርስ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያዘው።

40 ዶላር ካለህ ጉጉትና ቁራ ግዛ። አውራው ከመለሰልህ በኋላ እስከ 100 ወይ 150 ያርድ ተጠጋ፣ ከትከሻህ ሰፋ ያለ ዛፍ ደግፈህ ተቀመጥ፣ ቦክሱ ከቦርሳ የሚወጣው ያኔ ነው።